ትከሻው ልክ ይሁን እንጂ ሌላው ይደርሳል፦ ለስራ አለባበስ ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያ የስራ ኢንተርቪዬን የሄድኩት በታላቅ ወንድሜ ሱፍ ነው። ልብሱ ጥሩ ነበር፣ ጨርቁም ደህና ጨርቅ ነው፣ ግን ወንድሜ በትከሻ ይበልጠኛል፣ እና ኮቱ ትከሻዬን ሁለት ጣት ያህል አልፎ ወደ ታች ወርዶ ነበር፣ እጅጌው ደግሞ አውራ ጣቴን ሊሸፍን ምንም አልቀረው። ጥያቄ በተጠየቅኩ ቁጥር መልሱን ከማሰቤ በፊት እጅጌዬን ወደ ላይ እሰበስባለሁ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ሴትዮም ዓይኗ እጄን ይከተላል። ስራውን አላገኘሁትም። በልብሱ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፣ ግማሽ ሃሳቤ እጅጌዬ ላይ እንደነበር ግን በደንብ አውቃለሁ። ከዛን ቀን ወዲህ ጥሩ የስራ ልብስ የምለው አንድ ነገር ነው፣ እናንተም የሚያያችሁ ሰውም ከሁለት ደቂቃ በኋላ የምትረሱትን ልብስ። ብራንድ፣ ፋሽን፣ ዋጋ ምናምን ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው።

ልብስ ራሱ ጭንቅላት ይቀይራል የሚሉም አሉ። በ2012 ሀጆ አዳምና አዳም ጋሊንስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ነጭ ጋዋን አስለብሰው የትኩረት ፈተና ሲሰጧቸው የተሻለ ሰሩ ብለው ጽፈው ብዙ ተወራለት፣ በ2019 ደግሞ ሌሎች ከሙከራዎቹ አንዱን በብዙ ሰው ላይ ሲደግሙት ያው ውጤት አልመጣላቸውም። ስለዚህ ሱፍ ስለለበሳችሁ ጎበዝ ትሆናላችሁ አልላችሁም። የምላችሁ የሚያሳክክ፣ የሚያጣብቅ፣ የሚንሸራተት ልብስ ሃሳባችሁን ይሰርቃችኋል ነው፣ ይሄን ደግሞ ጠባብ ጫማ አርጎ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ደረጃ 1፦ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን አውጡ

ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን የስራ ልብስ በሙሉ አልጋ ላይ ዘርግፉት፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ። የማታ አምፖል ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊን አንድ ያስመስላል፣ የወየበ ነጭ ሸሚዝም ንፁህ ያስመስላል። ከዛ አንድ በአንድ ልበሱት፣ መስቀያ ላይ እንደተንጠለጠለ አይታችሁ አትፍረዱ። ለብሳችሁ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፣ የወደቀ ነገር እንደምታነሱ ጎንበስ በሉ፣ ሸሚዙ ከሱሪው የሚወጣ ከሆነ ወይ ቁልፎቹ መሃል የሚከፈት ከሆነ እዛው ታዩታላችሁ።

ቀጥሎ በጣታችሁ እየነካችሁ አራት ቦታ እዩ። የኮሌታው ጠርዝ ክሩ ተበልቷል ወይ፣ ብብቱ ስር ቢጫ ሆኗል ወይ፣ ሱሪው ጭን ለጭን የሚፋተግበት ቦታ ሳስቷል ወይ፣ ክርንና መቀመጫው ላይ ማብረቅረቅ ጀምሯል ወይ። ያብረቀረቀ መቀመጫና የተበላ ኮሌታ ብዙ ተስፋ የለውም፣ ሌላው ግን አብዛኛው ይስተካከላል። መጨረሻ ላይ ሶስት ክምር ይኖራችኋል፣ እንዳለ የሚለበስ፣ ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄድ፣ እና ለስራ የማይሆን። ሶስተኛውን ክምር ቁም ሳጥን ውስጥ መልሳችሁ አትስቀሉት፣ እዛ ከተመለሰ ሰኞ ጠዋት ስትቸኩሉ እጃችሁ የሚያነሳው እሱን ነው።

ደረጃ 2፦ የምትሄዱበት ቤት ምን ይለበሳል?

ባንክ፣ ፍርድ ቤት፣ ኤምባሲ፣ ኦዲት ድርጅት ከሆነ ሙሉ ሱፍና ከረባት ወይም ለሴት ሙሉ ሱፍ፣ ብሌዘር በጉርድ ወይ በሱሪ የተለመደ ነው። ሶፍትዌር የሚሰራ ቤት፣ ዲዛይን፣ ሚዲያ ከሆነ ደግሞ ከረባት አርጋችሁ ብትገቡ ሌላ ሰውዬ የጠበቁ ይመስላቸዋል፣ ንፁህ ሸሚዝ፣ ደህና ሱሪና ብሌዘር ይበቃል። ካላወቃችሁ መገመት አያስፈልግም፣ የድርጅቱን ገፅ ከፍታችሁ የሰራተኞቹን ፎቶ እዩ፣ ወይ ለኢንተርቪው የደወለላችሁን ሰው "አለባበስ ላይ የምታዙት ነገር አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይሄን ጥያቄ የሚንቅ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ለኢንተርቪው እዛ ያለው ሰው በአዘቦት ቀን ከሚለብሰው አንድ ደረጃ ከፍ በሉ፣ ሁለት ደረጃ ግን አይሁን።

ደረጃ 3፦ ልክ፣ ልክ፣ ልክ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሰው ስህተት ሁሉ የሚጀምረው እዚህ ነው። መጀመሪያ በሜትር ራሳችሁን አስለኩ (ራስን መለካት አይሆንም፣ እጅ ሲነሳ ደረት ይቀየራል)። ደረት በብብት ስር ሰፊው ቦታ ላይ፣ ወገብ ሱሪ የምትታጠቁበት ላይ፣ ዳሌ፣ አንገት፣ የእጅጌ ርዝመት ከትከሻ አጥንት እስከ አንጓ። ቁጥሮቹን ስልካችሁ ላይ ፃፉት። የወንድ ኮት ላይ የአውሮፓ ቁጥር የደረት ሴንቲሜትር ግማሽ ነው፣ ማለትም ደረታችሁ 100 ከሆነ 50 ቁጥር፣ የእንግሊዝና የአሜሪካው ደግሞ ደረቱን በኢንች ነው የሚቆጥረው፣ ያው ኮት እነሱ ጋ 40 ይባላል። ይሄ መነሻ እንጂ ዋስትና አይደለም፣ ፋብሪካው የየራሱ ቅድ አለው፣ ስለዚህ ሁሌም አንድ ከፍ አንድ ዝቅ ያለውን ጨምራችሁ ሞክሩ።

ኮት ስትሞክሩ ከትከሻው ጀምሩ። የትከሻው ስፌት የትከሻችሁ አጥንት ባለቀበት ማለቅ አለበት። ካለፈ ከስፌቱ በታች እጅጌው ላይ ጎድጎድ ያለ ነገር ይፈጠራል፣ ካነሰ የክንዳችሁ ጡንቻ ተገፍቶ ይወጣል። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፣ ግድግዳ አጠገብ በጎን ቁሙና ቀስ ብላችሁ ተጠጉ፣ ክንዳችሁ ሳይነካ የኮቱ ስፖንጅ ቀድሞ ግድግዳ ከነካ ሰፍቷችኋል። ከዛ ላይኛውን ቁልፍ ቆልፉ፣ ሆዳችሁ ላይ የኤክስ ቅርፅ ያለው ጭምድድ ከወጣ ጠቧል፣ ጡጫ ሙሉ ገብቶ ከተረፈ ደግሞ ሰፍቷል። ከኋላ የኮቱ ኮሌታ የሸሚዙን ኮሌታ ተጣብቆ መቀመጥ አለበት፣ መሃላቸው ክፍተት ካለ ያ ኮት የእናንተ አይደለም፣ ቅናሽም ቢኖረው ተዉት። እጅጌው አንጓ ላይ ያልቃል፣ ከስሩ የሸሚዙ እጅጌ አንድ ወይ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ይታያል። ታችኛው የኮት ቁልፍ አይቆለፍም፣ ኮቱ ሲቀደድ ጀምሮ እሱ ክፍት ሆኖ እንዲለበስ ነው የተሰራው፣ ስትቀመጡ ደግሞ ሁሉንም ፍቱ።

ሸሚዝ ኮሌታው ተቆልፎ ሁለት ጣት ሲገባ ልክ ነው። አንገት ላይ የሚያንቅ ከሆነ ቁልፉን ከፍቶ በከረባት መሸፈን አያዋጣም፣ ይታያል። ሱሪ ደግሞ ያለቀበቶ ወገባችሁ ላይ መቆም አለበት፣ ቀበቶ ሱሪ ተሸካሚ ከሆነ ወገቡ ሰፍቷል ማለት ነው። ርዝመቱ ጫማውን ነካ አርጎ አንድ ትንሽ እጥፋት ብቻ ቢሰራ ይበቃል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ እንደ አኮርዲዮን የተከመረ ሱሪ ሰውን ከቁመቱ ያሳጥረዋል።

ለሴቶች ሸሚዝ ላይ ዋናው ችግር ደረት ላይ ያሉት ቁልፎች መሃል የሚከፈተው ነገር ነው። ለደረታችሁ የሚሆነውን ሳይዝ ግዙና ወገቡን አስጠብቡ፣ ለወገብ የሚሆነውን ገዝቶ ደረቱን ማስፋት አይቻልም፣ ጨርቅ የለውም። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ልብስ ሰፊው ከውስጥ በኩል ትንሽዬ ስውር ቁልፍ ይጨምርበታል። ጉርድ ስትሞክሩ ቆማችሁ ብቻ አትዩት፣ ዝቅ ያለ ወንበር ላይ ተቀመጡና ጉልበታችሁ ምን ያህል እንደሚወጣ እዩ። እየጎተታችሁ የምትውሉበት ከሆነ ቀኑን ሙሉ አንድ እጃችሁ ስራ አይሰራም። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ሱሪና ጉርድ ከስር ያለውን የውስጥ ልብስ ያሳያል ወይ የሚለውንም መስኮት ስር ቆማችሁ አረጋግጡ።

ደረጃ 4፦ ልብስ ሰፊ ወዳጅ ይኑራችሁ

ከገዛችሁት ዋጋ ላይ ለማስተካከያ የሚሆን ሁሌም አስቀሩ። የሚስተካከለው የእጅጌ ርዝመት፣ የኮት ወገብ፣ የሱሪ ወገብና እግር፣ የጉርድ ርዝመት ነው። የማይስተካከለው ወይ ከልብሱ በላይ የሚያስወጣው ትከሻ፣ የኮት ቁመት እና የደረት ጥበት ነው። ለዚህ ነው ትከሻው ልክ ይሁን እንጂ ሌላው ይደርሳል የምለው።

እህቴ አንድ ግራጫ ብሌዘር ነበራት፣ "ወፍራም ያስመስለኛል" ብላ ሁለት ዓመት ሰቅላው የቆየች። ልብስ ሰፊው ሲያስለብሳት ምንም ሳይናገር ከኋላዋ ቆሞ በጀርባው መሃል ያለውን ስፌት በሁለት ጣቱ ቆነጠጠና አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይዞ በስፒል ወጋው፣ ከዛ ጎኑ ላይ ወገቡ ያለበትን ቦታ በሳሙና ቁራጭ አሰመረ። መስታወቱ ውስጥ እህቴ ወገብ አወጣች፣ ያው ብሌዘር፣ ያው ሰው። አሁን ትልልቅ ስብሰባ ሲኖርባት የምታነሳው እሱን ነው። ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ ከልብሱ ጋር የምታረጉትን ጫማና ሸሚዝ ይዛችሁ ሂዱ፣ በሸራ ጫማ የተለካ ሱሪ በታኮ ሲለበስ ያጥራል።

ደረጃ 5፦ ጨርቅና ቀለም

ውስጡ ያለውን ወረቀት አንብቡ። የበግ ፀጉር ሱፍ አየር ያስተላልፋል፣ ሲጨማደድ ሌሊት ተሰቅሎ ቢያድር ራሱን ይመልሳል፣ ለዛ ነው ዓመታት የሚቆየው። ሙሉ ፖሊስተር ላብ ይይዛል፣ በጋለ ካውያ ያብረቀርቃል፣ ግን አቅም ከሌለ ከሱፍ የተቀላቀለ ጥሩ አማራጭ ነው። አንዳንድ ኮት ላይ ሱፐር 100፣ 120፣ 150 የሚል ቁጥር አለ፣ የፀጉሩን ቅጥነት ነው የሚናገረው። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ይለሰልሳል ግን ቶሎ ይጨማደዳል ቶሎም ይበላል፣ ስለዚህ በሳምንት ሶስት ቀን ለሚለበስ ከ100 እስከ 120 ያለው ይበልጥ ይጠቅማል። ሊነን የተባለው ጨርቅ ሙቀት ላይ ድንቅ ነው፣ መጨማደዱን ግን አብራችሁ ነው የምትገዙት።

ቀለም ላይ ብዙ አትጨነቁ። አንድ ሱፍ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ጥቁር ሰማያዊ ይሁን፣ ሁለተኛ ሲጨመር ጠቆር ያለ ግራጫ። ብዙ ሰው የሚገዛው ጥቁሩን ነው፣ እኔ ግን መጀመሪያ አልመክረውም፣ በቀን ብርሃን ፊትን ያጠቁራል፣ አቧራና ፈትል ሁሉ ይታይበታል፣ ከቡኒ ጫማ ጋርም ያስቸግራል። ሸሚዝ ነጭና ፈዛዛ ሰማያዊ ሲኖራችሁ ከሁለቱም ጋር ይሄዳል። ሁለት ሱፍ፣ አምስት ሸሚዝ፣ ሁለት ጫማ ያለው ሰው ሱሪና ኮቱን እያቀያየረ ለወር ያለጭንቀት ይለብሳል። ደማቅ ነገር ከወደዳችሁ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አርጉት፣ ከረባቱ ላይ ወይ ስካርፉ ላይ ወይ ቦርሳው ላይ።

ደረጃ 6፦ ጫማ

ስትቀመጡ የሰው ዓይን ጫማችሁ ላይም ያርፋል። ለሙሉ ሱፍ ያልተጌጠ ጥቁር ወይ ጠቆር ያለ ቡኒ የቆዳ ጫማ፣ ማሰሪያው የሚገባባቸው ሁለት ክንፎች ከስር የተሰፉበት (ኦክስፎርድ የሚባለው) ከሁሉም ይበልጥ መደበኛ ነው፣ ክንፎቹ ከላይ ክፍት የሆኑት ደርቢ ደግሞ ለእለት ተእለት ስራ ይመቻል፣ የእግራቸው መሃል ከፍ ያለ ሰዎችም የሚቀላቸው እሱ ነው። ቀበቶው የጫማውን ቀለም ይከተላል። ካልሲ የሱሪውን ቀለም ይያዝና ረጅም ይሁን፣ እግር ስታነባብሩ ባዶ ቆዳ እንዳይታይ።

ታኮ የምታረጉ ከሆነ ሱቁ ምንጣፍ ላይ ሁለት እርምጃ ሄዶ መግዛት ይቅር፣ ጠንካራ ወለል ላይ ደረጃ ወጥታችሁ ውረዱበት። በእግር ጣታችሁ መሬት እየቧጠጣችሁ የምትሄዱ ከሆነ ታኮው ለእናንተ ረዝሟል። ጠፍጣፋ ንፁህ የቆዳ ጫማ ተንከርፍፎ ከሚያስኬድ ታኮ በብዙ ይሻላል። ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፣ እግር ቀን ላይ ያብጣል።

ያው ጫማ በተከታታይ ሁለት ቀን ባይደረግ ጥሩ ነው፣ ቆዳው የጠጣውን ላብ ለማድረቅ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። እርጥብ ከሆነ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ጥላ ላይ አድርቁት፣ እሳት አጠገብ ወይ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ይሰነጠቃል። ስትጠርጉት መጀመሪያ አቧራውን በደረቅ ቡርሽ፣ ቀጥሎ ክሬሙን በትንሹ በጨርቅ፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ በቡርሽ ማሸት። ተረከዙን አትርሱ፣ ከፊት ያብረቀረቀ ሆኖ ከኋላ ተረከዙ በአንድ ጎን የተበላ ጫማ ዞር ስትሉ ነው የሚያጋልጣችሁ።

ደረጃ 7፦ አዲስ ልብስ ላይ መቆረጥ ያለበት፣ ከውስጥ መደረግ ያለበት

አዲስ ኮት ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ መቀስ አምጡ። ከኋላ ያለው መሰንጠቂያ ላይ በነጭ ወይ በጥቁር ክር የተሰፋ ኤክስ አለ፣ እሱ ኮቱ ከፋብሪካ እስኪመጣ እንዳይጨማደድ የተያዘ ነው፣ ይቆረጣል። የጉርድና የብሌዘር መሰንጠቂያም እንደዛው። እጅጌው ላይ የተሰፋው የብራንድ ምልክትም ይነሳል። ኪሶቹ የተሰፉ ናቸው፣ ታችኞቹን ባትከፍቷቸው ይሻላል፣ ስልክ ከገባበት ኮቱ ቅርፁን ያጣል።

ነጭ ሸሚዝ ስር ነጭ ካናቴራ ከላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከቆዳችሁ ቀለም ጋር የሚቀራረበውን ወይ ግራጫውን አርጉ፣ ለጡት መያዣም ይሄው ነው። ብብት ላይ የሚመጣው ቢጫ ላብ ብቻ አይደለም፣ ላብ የሚያስቆሙ ዲዮድራንቶች ውስጥ ያለው አሉሚኒየም ከላቡ ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ነው፣ ስለዚህ ዲዮድራንቱ ሳይደርቅ ሸሚዝ አትልበሱ። በበረኪና ልታስለቅቁት ብትሞክሩ ደግሞ ቢጫው ይብሳል።

ከረባት ጫፉ የቀበቶውን ዘለበት ይንካ፣ ከዛ ካጠረም ከረዘመም ዓይን ውስጥ ይገባል። ማታ ስትፈቱት ጎትታችሁ አታውጡት፣ ያሰራችሁበትን መንገድ ወደ ኋላ ተከትላችሁ ፍቱና ስቀሉት። ጥፍር፣ ፀጉር፣ ፂም የሚታወቅ ነው። ሽቶ ግን ትንሽ፣ ሊፍት ውስጥ ቀድሟችሁ የሚገባ ከሆነ በዝቷል።

ደረጃ 8፦ ካውያ

ወረቀቱ ላይ ባለው የካውያ ምልክት ውስጥ ያሉት ነጥቦች ሙቀት ናቸው፣ አንድ ነጥብ ዝቅተኛው፣ ሁለት መካከለኛው፣ ሶስት ከፍተኛው። ፖሊስተር ሁልጊዜ ዝቅተኛው፣ ጥጥና ሊነን ከፍተኛው። ሸሚዝ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እርጥብ እርጥብ እያለ ተኩሱት፣ ከኮሌታው ጀምሩ፣ ከጫፍ ወደ መሃል፣ አለዚያ ጫፉ ላይ ጭምድድ ይሰበሰባል። ቀጥሎ ትከሻው፣ የእጅጌው ጫፍ፣ እጅጌው፣ መጨረሻ ላይ አካሉ። እንደጨረሳችሁ ወዲያው አትልበሱት፣ አምስት ደቂቃ ተሰቅሎ ይቀዝቅዝ፣ ትኩስ ጨርቅ ሰውነት ላይ መልሶ ይጨማደዳል። ሱፍ ላይ ካውያ በቀጥታ አይነካም፣ መሃሉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይደረጋል።

ሱፉን በለበሳችሁ ቁጥር ላውንደሪ አታስገቡት፣ ኬሚካሉ ጨርቁን ይጎዳል። ማታ ስታወልቁ ኪሱን ባዶ አርጉ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ መስቀያ ላይ ስቀሉት፣ በለስላሳ ቡርሽ ከላይ ወደ ታች ጥረጉትና አየር ያግኝ። ላውንደሪ ሲገባ ኮትና ሱሪ አብረው ይግቡ፣ ለየብቻ ከታጠቡ ከጊዜ በኋላ ቀለማቸው ይለያያል።

ደረጃ 9፦ ስብሰባው ስክሪን ላይ ከሆነ

ደቃቅ መስመርና ደቃቅ ዳማ ካሜራ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ወጥ ቀለም አርጉ። ድፍን ነጭ ብርሃን ስር ይፈነጥቅና ፊታችሁን ያጨልመዋል፣ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሻላል። ሱሪያችሁንም ልበሱ እባካችሁ፣ ቻርጀር ለመሰካት ተነስቶ የሚረሳ ሰው አለ።

ደረጃ 10፦ የዋዜማው ማታ

ሁሉንም ከጫማ እስከ ካልሲ ልበሱትና አስር ደቂቃ ተቀመጡበት፣ ውሃ ቅዱበት፣ ቦርሳችሁን ያዙበት። የሚቆረቁር ወረቀት ካለ አሁን ይቆረጣል፣ የላላ ቁልፍ ካለ አሁን ይሰፋል። አዲስ ጫማ ከሆነ ከዛ ቀን በፊት ቢያንስ ሶስት አራት ቀን ቤት ውስጥ አርጋችሁት መዞር ነበረባችሁ፣ ካላረጋችሁ አሮጌውን ጥረጉና እሱን አርጉ። ቦርሳ ውስጥ መርፌ፣ ነጭና ጥቁር ክር፣ አንድ ትርፍ ካልሲ ወይ ስቶኪንግ አስቀምጡ። ጠዋት ከበር ስትወጡ ደግሞ ጀርባችሁን በመስታወት አንዴ እዩ፣ ኮሌታ የሚገለበጠው፣ የላውንደሪ ወረቀት ተለጥፎ የሚቀረው፣ የጉርድ ዚፕ ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆመው ሁሌም ከኋላ ነው።